አምበር ውስጥ የቀረ ጉንዳን፦ የጥንት ነፍሳትን ለማጥናት የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

አምበር እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያምረው ማወልወል ነው። ሻካራው ቅርፊት ዓይን ስለሚከለክል ውስጡን ለማየት መቸኮል ያለ ነው። ይህ መመሪያ ግን የብርጭቆ ወረቀቱን እስከ አምስተኛው ደረጃ ድረስ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። የተፈገፈገ አምበር አይመለስም፤ አብሮት የተነሣ የጉንዳን አንቴናም እንዲሁ። ስለዚህ ሥራው ሁሉ የሚሄደው ከማይጎዳው ወደሚጎዳው ነው፦ መመዝገብ፣ መመልከት፣ መፈተሽ፤ መቁረጥ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ።

ደረጃ 1፦ በእጅዎ ያለው ምን እንደሆነ ይወቁ

አምበር የዛፍ ሙጫ ነው። ዛፍ ሲቆስል፣ ቅርንጫፉ ሲሰበር ወይም ጥንዚዛ ግንዱን ሲበሳው ሙጫ ያፈሳል። ያ ሙጫ በደለል ከተቀበረ በኋላ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ተናኝ የሆኑት ንጥረ ነገሮች ይወጡለታል፤ የቀሩት ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተቆላልፈው ይጠነክራሉ። ሁሉም ሙጫ እዚህ አይደርስም። የግራር ሙጫ ውኃ ያሟሟዋል፤ እጣንና ከርቤም ውኃ የሚያሟሟው ክፍል አላቸው። አምበር የሚሆነው ውኃ የማይደፍረው ሙጫ ነው፤ እሱንም የሚሰጡት በአንድ በኩል የጥድ ዘመዶች፣ በሌላ በኩል ደግሞ እንደ ሂሜኒያ ያሉ የባቄላ ቤተሰብ ዛፎች ናቸው።

ገና ያልበሰለው ወጣት ሙጫ ኮፓል ይባላል። ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍና ከማዳጋስካር የሚመጣው ኮፓል ነፍሳት በብዛት ይገኙበታል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ዛሬም በጫካው ውስጥ የሚኖሩ ዝርያዎች ናቸው። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የሚወጣው አምበር ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ የባልቲክ ባሕሩ ከ34 እስከ 48 ሚሊዮን ዓመት፣ በሰሜን ምያንማር ከካቺን ግዛት የሚወጣው 99 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። በጣሊያን የዶሎማይት ተራሮች የተገኙት ጥቃቅን የሙጫ ጠብታዎች ደግሞ 230 ሚሊዮን ዓመት ይሆናቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በውስጣቸው ሁለት የማይት (የመዥገር ዘመድ የሆኑ ጥቃቅን ፍጥረታት) ዝርያዎችና የአንዲት ዝንብ ቁራጭ ተገኝተዋል።

ደረጃ 2፦ ከየት እንደመጣ ይጻፉ

ይህ ደረጃ አሰልቺ ይመስላል፤ በእኔ እምነት ግን ከሁሉም ይበልጣል። አምበር በራሱ ዕድሜውን አይናገርም። ዕድሜው የሚታወቀው ከተገኘበት የአለት ንብርብር ነው፦ በንብርብሩ ውስጥ ካለ የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ከአበባ ብናኝ፣ ከጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ቅሪት። የካቺን አምበር ዕድሜ የታወቀው በዙሪያው ባለው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ የሚገኙትን ዚርኮን የሚባሉ ማዕድናት በመለካት ነው። የቦታው መረጃ ከጠፋ አምበሩ የሚያምር ጌጥ ሆኖ ይቀራል፤ ለሳይንስ ግን ግማሽ ዋጋው ወደቀ ማለት ነው።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። በሰሜን ሸዋ፣ በዓለም ከተማ አካባቢ ከወንጪት ወንዝ ሸለቆ የሚወጣ አምበር አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ ዓለም ሲነገርለት ዕድሜው ወደ 95 ሚሊዮን ዓመት ተገመተ። ዜናው ትልቅ ነበር፤ በውስጡ ጉንዳን ስለተገኘ በዓለም ካሉት ጥንታዊ ጉንዳኖች አንዱ በአፍሪካ ተገኘ ተባለ። በኋላ የተደረገው ጥናት ግን ዕድሜውን ወደ 16 እና 23 ሚሊዮን ዓመት መካከል አወረደው። ጉንዳኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የአለቱ ንባብ ነው። አምበሩም ዋጋ አላጣም፦ ከዚያ ዘመን የአፍሪካን የነፍሳት ዓለም የሚያሳይ ቅሪት እጅግ ጥቂት በመሆኑ ዛሬም ተመራማሪዎች ይሻሙበታል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ገጽ ይክፈቱ። የተገኘበትን ቦታ በተቻለ መጠን በጂፒኤስ ቁጥር፣ የአለቱን ዓይነትና ንብርብሩን፣ ያገኘውን ሰው፣ ቀኑን፣ ክብደቱን በግራም፣ ርዝመትና ወርዱን በሚሊሜትር፣ ቀለሙን፣ የቅርፊቱን ሁኔታ ይጻፉ። ከነጋዴ ከተገዛ ነጋዴው የነገረዎትን ይጻፉና «በሻጩ ቃል» የሚል ምልክት ያድርጉበት። ሻጭ የነገረውንና ዓይን ያየውን በአንድ መስመር መቀላቀል ኋላ ማንም የማይፈታው ቋጠሮ ይሆናል።

ከዚሁ ጋር የሕጉን ነገር ይጨርሱ። በኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሥራ ላይ ያለ ነው፤ ቅሪተ አካል ለመፈለግም ሆነ ከአገር ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱን የሚመለከተው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። በወንጪት ሸለቆ በእግር ሲሄዱ አምበር ቢያገኙ ቦታውን ፎቶ አንስተው ለባለሥልጣኑ ወይም በአቅራቢያዎ ላለ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ክፍል ማሳወቅ ነው የሚሻለው። የካቺኑን አምበር በተመለከተ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። የማዕድን ማውጫዎቹ ያሉበት አካባቢ የጦርነት ቀጠና ስለሆነ እ.ኤ.አ. በ2020 የአከርካሪ አጥንት እንስሳት ቅሪተ አካል ተመራማሪዎች ማኅበር ከዚያ በሚመጣ አዲስ አምበር ላይ የሚሠሩ ጽሑፎችን መጽሔቶች እንዳያትሙ ጠይቋል። ለመማሪያ የሚሆን አምበር የሚፈልግ ሰው ከባልቲክ ወይም ከዶሚኒካን ቢጀምር ኅሊናውም ኪሱም ይቀለዋል።

ደረጃ 3፦ እውነተኛ መሆኑን ይፈትሹ

በ200 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ 50 ግራም የገበታ ጨው አሟሙና ቁራጩን ጣል ያድርጉ። አምበር ይንሳፈፋል። በአፍሪካ ገበያዎች «አምበር» እየተባሉ ለአንገት ጌጥ የሚሸጡት ትልልቅ ቢጫ ጨሌዎች ብዙዎቹ ከአውሮፓ የመጡ የፊኖል ፕላስቲክ ሥራዎች ናቸው፤ እነሱ ይሰምጣሉ። ነገር ግን መንሳፈፍ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ኮፓልም ይንሳፈፋል፣ አንዳንድ ፕላስቲክም ይንሳፈፋል። ከፈተናው በኋላ ቁራጩን በንጹሕ ውኃ አጥበው በለስላሳ ጨርቅ ያድርቁ፤ ጨው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ከደረቀ ስንጥቁን ያሰፋዋል።

ኮፓልን ከአምበር የሚለየው አሴቶን ነው፤ ማለትም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ። ነፍሳቱ ካሉበት ራቅ ባለ ጥግ አንድ ጠብታ ያኑሩ፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይተው በጣት ይንኩት። ቢያጣብቅ ወይም ቢደበዝዝ ኮፓል ነው። አልትራቫዮሌት ባትሪም ይረዳል፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሲያበሩበት አምበር አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀመስ ፍካት ያሳያል። በጋለ መርፌ መውጋት የሚባለውን የነጋዴዎች ዘዴ ግን ይተዉት። ሽታውን ለማሽተት ሲባል ናሙናው ላይ ጠባሳ ይቀራል።

አምበሩ እውነተኛ ሆኖ ነፍሳቱ ሐሰተኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህ ደግሞ የሊቅን ዓይን ሳይቀር ያታለለ ጉዳይ ነው። በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በባልቲክ አምበር ውስጥ ያለች አንዲት ዝንብ ነበረች። ዝንቧ ዛሬ በየመጸዳጃ ቤቱ ከምትገኝ ዝርያ ጋር አንድ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1966 ጀርመናዊው የነፍሳት ሊቅ ቪሊ ሄኒግ መርምሯት እውነተኛ ናት ብሎ ተቀበላት። እ.ኤ.አ. በ1993 ግን አንድሩ ሮስ የተባለ ተመራማሪ በማይክሮስኮፕ እያያት ሳለ የመብራቱ ሙቀት አምበሩን አሞቀውና በዝንቧ ዙሪያ ስንጥቅ ብቅ አለ። ነገሩ ሲመረመር አንድ ብልህ ሰው አምበሩን ለሁለት ሰንጥቆ፣ አንዱን ግማሽ ቦርቡሮ፣ ዝንቧን አስገብቶ፣ መልሶ አጣብቆት ኖሯል።

ስለዚህ የሚከተሉትን ይመልከቱ። ሙጫ በተደጋጋሚ ስለሚፈስ በእውነተኛ አምበር ውስጥ የፍሰት ንብርብሮች ይታያሉ፤ ነፍሳቱ አብዛኛውን ጊዜ በንብርብሮቹ መጋጠሚያ ላይ ይተኛሉ። ቀጥ ያለ መጋጠሚያ ቁራጩን ዳር እስከ ዳር ከቆረጠና የፍሰቱ መስመሮች እዚያ ሲደርሱ ከተቋረጡ ይጠርጥሩ። ትልቅ፣ መሐል ላይ በሥርዓት የተቀመጠ፣ ክንፉን እንደ ሙዚየም ናሙና የዘረጋ ጥንዚዛ ወይም ጊንጥ ከታየም ይጠርጥሩ። ሙጫ ውስጥ የወደቀ ፍጥረት ይታገላል፤ እግሩ ይጣመማል፤ ክንፉ ይጣበቃል። በተጨማሪም የባልቲክ አምበር ምልክት የሆኑትን ጥቃቅን የኮከብ ቅርጽ ያላቸው የባሉጥ ዛፍ ፀጉሮች ይፈልጉ። እነዚህን ለመክተት የሚደክም አጭበርባሪ የለም። ክብና የሚያብረቀርቁ የሳንቲም ቅርጽ ስንጥቆች ካዩ ደግሞ አምበሩ በፋብሪካ መሞቁን ይወቁ።

ደረጃ 4፦ ውኃ ውስጥ ያስገቡና ይመልከቱ

ያልተወለወለ ቁራጭ ውስጡ የማይታየው ብርሃን ሻካራ ገጹን ሲነካ ስለሚበታተን ነው። ግልጽ የብርጭቆ ኩባያ ውስጥ ንጹሕ ውኃ ይሙሉና ቁራጩን ያጥልቁት። ውኃው የገጹን ጭረቶች ስለሚሞላ፣ ድፍን መስሎ የነበረው ቁራጭ ብዙ ጊዜ እንደ መስኮት ይከፈታል። ከኋላ በባትሪ ያብሩ፤ በመጀመሪያ ነጭ ካርቶን፣ ቀጥሎ ጥቁር ካርቶን ከኋላው ያቁሙ። በነጭ ዳራ ጥቁር አካል ይጎላል፤ በጥቁሩ ደግሞ ክንፍና ፀጉር።

በዚህ ጊዜ በደብተርዎ ላይ ካርታ ይሳሉ። የቁራጩን ቅርጽ ከላይና ከጎን ነድፈው እያንዳንዱን ነገር በቦታው ያስፍሩ፦ ጉንዳን፣ የአየር አረፋ፣ የእንጨት ፍርፋሪ፣ የሸረሪት ድር፣ የአበባ ብናኝ። አረፋ ማስፈር ለምን ያስፈልጋል ቢሉ፣ በኋላ ሲቆርጡ ጥልቀትን የሚነግርዎ እሱ ነው። የሸረሪት ድር ክርም ቢሆን ቅሪተ አካል ነው። ሁሉም ሰው ትልቁን ነፍሳት ሲያሳድድ ጥግ ላይ ያለች፣ ከአንድ ሚሊሜትር የምታንስ ተርብ ተፈግፍጋ ትጠፋለች፤ ለሳይንስ አዲስ የነበረችው ግን እሷ ልትሆን ትችላለች።

ጉንዳንና ቢራቢሮ ለማየት የጓጉ ሰዎች ደግሞ አስቀድመው ይወቁት፦ በባልቲክ አምበር ውስጥ ከሚገኙት ነፍሳት ግማሽ ያህሉ ዝንብና ትንኝ ናቸው። ሙጫ የሚይዘው ትንሹንና ደካማውን ነው፤ ትልቁና ጉልበታሙ ታግሎ ያመልጣል። የጫካው ቆጠራ አድርገው እንዳያነቡት።

ደረጃ 5፦ መቁረጥና ማወልወል

አሁን የብርጭቆ ወረቀቱን ማውጣት ይቻላል። ከመጀመርዎ በፊት የትኛውን ጎን ማየት እንደሚፈልጉ ይወስኑ። ለጉንዳን ሦስት እይታዎች ያስፈልጋሉ፦ ከጎን፣ ከጀርባ፣ ፊት ለፊት። ሦስቱንም ማግኘት የማይቻል ከሆነ የጎኑን ያስቀድሙ፤ የወገቡ ቅርጽ የሚታየው ከዚያ ነው። የሚወለወለው ገጽ ከሚፈልጉት የአካል ክፍል ጋር ትይዩ መሆን አለበት፤ ዘንበል ካለ ምስሉ ይጣመማል።

ጠረጴዛው ላይ የታጠፈ ፎጣ ያንጥፉ። ምክንያት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ኒው ጀርዚ ሁለት ጉንዳኖች የያዘ ወደ 90 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው አምበር ተገኝቶ ሃርቫርድ ለነበረው የጉንዳን ሊቅ ኤድዋርድ ዊልሰን ተላከለት። ዊልሰን በደስታ ሲጣደፍ ከእጁ አምልጦ መሬት ላይ ወደቀና ለሁለት ተሰበረ። ዕድል ሆኖ እያንዳንዱ ስባሪ አንድ አንድ ጉንዳን ይዞ ተረፈ። የእርስዎ ጉንዳን እንዲህ ዕድለኛ ላይሆን ስለሚችል ፎጣው ይንጠፍ።

ትርፍ የሆነውን ክፍል ጥርሱ ደቃቅ በሆነ የጌጥ ሠሪዎች መጋዝ፣ ውኃ እያንጠባጠቡ በዝግታ ይቁረጡ። ከነፍሳቱ ቢያንስ ሦስት ሚሊሜትር ይራቁ። ከዚያ በውኃ የሚሠራውን የብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ መስታወት ላይ ዘርግተው በ600 ቁጥር ይጀምሩ፤ ወደ 1,000፣ ወደ 2,000፣ መጨረሻ ወደ 4,000 ይሂዱ። ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው ሲሻገሩ ቁራጩንም እጅዎንም ይታጠቡ፤ አንዲት የ600 ቅንጣት ካመለጠች የ4,000ውን ሥራ ሁሉ ታበላሻለች። አቅጣጫውን ደግሞ በ90 ዲግሪ ይለውጡ፦ የቀድሞው ጭረት ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ያን ጊዜ ወደሚቀጥለው ይለፉ። በመጨረሻ በእርጥብ የቆዳ ቁራጭ ላይ የአሉሚና ዱቄት አድርገው ያወልውሉት፤ ዱቄቱ ከሌለ ነጭ የጥርስ ሳሙናም ይሠራል።

በማሽን አያወልውሉ፤ የእጅ ፍጥነት ይበቃል። ሙቀት አምበርን ያለሰልሳል፣ ያጣብቃል፣ ይሰነጥቃል። በየጥቂቱ ቁራጩን አንስተው በአጉሊ መነጽር የቀረውን ርቀት ይለኩ። ከነፍሳቱ አንድ ሚሊሜትር ሲቀር የ600ውን ቁጥር ይተዉ፤ ግማሽ ሚሊሜትር ሲቀር ከማወልወል በቀር ሌላ አይሥሩ። አብዛኞቹ ነፍሳት ውስጣቸው ባዶ ነው፤ የቀረው ቅርፊታቸው ነው። ገጹ ተበስቶ ውኃና ዱቄት ወደ ውስጥ ከገባ የሚያወጣው መንገድ የለም። ሲፈገፍጉ የሚወጣውን ብናኝ እንዳይተነፍሱት ማስክ ያድርጉ።

የሊባኖስ አምበር ስንጥቅ የበዛበትና ተሰባሪ ነው። እንዲህ ያለው ቁራጭ በመጀመሪያ ኢፖክሲ በሚባል ፈሳሽ ማጣበቂያ ውስጥ ይቀበራል፤ አየር ባዶ በሆነ ዕቃ ውስጥ ከተደረገ ኢፖክሲው ስንጥቁን ሞልቶ ግልጽ ያደርገዋል። ይህ የማይቀለበስ ሥራ ስለሆነ ቤት ውስጥ ለመሞከር አያስቸኩልም፤ ላቦራቶሪ ያለው ሰው ይሥራው።

ደረጃ 6፦ ከማይክሮስኮፕ ሥር

ከ10 እስከ 60 ጊዜ የሚያጎላ ባለሁለት ዓይን ማይክሮስኮፕ ለአብዛኛው ሥራ በቂ ነው። መብራቱ ኤልኢዲ ይሁን፤ የለንደኗን ዝንብ ያጋለጠው ሙቀት እውነተኛውንም አምበር ይሰነጥቃል።

እዚህ ላይ ዋጋው ኢምንት፣ ጥቅሙ ትልቅ የሆነ ዘዴ አለ። የአምበር ብርሃን የመስበር ልክ 1.54 ገደማ ነው፤ የአየር 1፣ የውኃ 1.33፣ የግሊሰሪን 1.47። በልዩነቱ መጠን ብርሃኑ ይጣመማል። ስኳር በሙቅ ውኃ እስከሚወፍር አሟሙተው ያቀዝቅዙት፤ ልኩ ወደ 1.5 ይጠጋል። አንድ ጠብታ በአምበሩ ገጽ ላይ አኑረው በላዩ ስስ ሽፋን መስታወት በዝግታ ያስቀምጡ፤ አረፋ እንዳይገባ ከአንድ ጎን ጀምረው ያጋድሙት። ሽሮፑ የቀሩትን ጭረቶች ይሞላል፤ መስታወቱ ጎርባጣውን ገጽ ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ ድንገት የዓይኑ ጥቃቅን ሌንሶች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ሲጨርሱ በለብታ ውኃ በሚገባ ይጠቡት፤ አለበለዚያ በሕይወት ያሉት ጉንዳኖች ዘመዳቸውን ሊጠይቁ መምጣታቸው አይቀርም። የሞተር ወይም የምግብ ዘይት አይጠቀሙ፤ በስንጥቅ ገብቶ ይቀራል።

የሚያታልሉ ነገሮችም አሉ። ዓይን አጠገብ የተቀመጠ አረፋ ሌላ ዓይን ይመስላል። ስንጥቅ የክንፍ ሥር ይመስላል። በባልቲክ አምበር ውስጥ ደግሞ የነፍሳቱን አንድ ጎን ነጭ ወተት መሰል ሽፋን ያለብሰዋል፤ ይህ አካሉ ሲበሰብስ በወጣ ጋዝና እርጥበት የተፈጠረ የጥቃቅን አረፋ ክምችት ስለሆነ ሻጋታ ነው ብለው እንዳይመዘግቡት። ማረጋገጫው ቁራጩን ማዞር ነው፦ የአካል ክፍል ከየትኛውም ማዕዘን ቦታው አይለወጥም፤ ነጸብራቅ ግን ይሸሻል።

ደረጃ 7፦ ፎቶና ሥዕል

በከፍተኛ ማጉላት ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ስስ ንብርብር ብቻ ነው። ስለዚህ የማይክሮስኮፑን ትኩረት በጥቂቱ እያወረዱ በርካታ ፎቶዎች ያንሡና ሄሊኮን ፎከስ ወይም ዘሪን ስታከር በመሳሰለ ፕሮግራም ወደ አንድ ያዋህዷቸው። ካሜራ ከሌለ ስልክን በዓይን መመልከቻው ላይ የሚያስር መያዣ ይበቃል። ብርሃኑን በነጭ ፕላስቲክ ኩባያ ወይም በስስ ወረቀት ያለዝቡት፤ ቀጥተኛ መብራት ጥቁር ጉንዳንን ወደ ነጭ ነጥብ ይለውጠዋል። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ የልኬት መስመር ይኑር፤ ያለ ልኬት ፎቶው ጌጥ ነው።

ፎቶ ቢኖርም ሥዕል አይቅር። እጅ ሲስል ዓይን ይገደዳል፤ «ይህ አንቴና ስንት አንጓ አለው?» የሚል ጥያቄ የሚነሣው እርሳስ ይዘው ሲቆጥሩ ነው። በእርግጥ ያዩትን በሙሉ መስመር፣ የተጋረደውን በነጠብጣብ መስመር ይሳሉ። ያላዩትን አይጨምሩ፤ ሌላው ወገን ተመሳሳይ ይሆናል ብሎ ማሟላት አምበር ላይ አይሠራም።

ደረጃ 8፦ መለየት

እግር ይቁጠሩ። ስድስት ከሆነ ነፍሳት ነው፤ ስምንት ከሆነ ሸረሪት ወይም ማይት። ክንፍ ይቁጠሩ፦ አንድ ጥንድ ከሆነ ዝንብ ወይም ትንኝ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ሁለት ጥንድ ሆኖ ወገቡ ቀጭን ከሆነ ከተርብ፣ ከንብና ከክንፋም ጉንዳን ወገን ነው፤ የፊቱ ክንፍ ጠንካራ ክዳን ሆኖ መሐል ለመሐል ከተጋጠመ ጥንዚዛ ነው።

ጉንዳን መሆኑን የሚያስረግጡት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንቴናው እንደ ክርን ይታጠፋል፤ የመጀመሪያው አንጓ ረጅም ነው። ወገቡ ላይ አንድ ወይም ሁለት ጉብታዎች አሉ። ከኋለኛው እግር በላይ፣ በደረቱ ጥግ፣ የዕጢ ቀዳዳ አለች። ይህች ቀዳዳ ከሁሉም ትበልጣለች፤ ሌላ ነፍሳት የላትም። ዊልሰን ከእጁ የጣለውን የኒው ጀርዚ ጉንዳን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1967 ስፌኮሚርማ ፍሬዪ ብሎ ሲሰይመው ነገሩ የተለየው እዚሁ ላይ ነበር፦ መንጋጋው እንደ ተርብ አጭርና ባለሁለት ጥርስ፣ ወገቡና ዕጢው ግን የጉንዳን። አንዱን ምልክት ብቻ ያየ ሰው ተርብ ነው ብሎ ያልፈው ነበር።

ከዚህ የሚጠለቀው መለያ ቁልፍ በሚባሉ የሙያ ጽሑፎች ነው፤ ለጉንዳን አንትዊኪና አንትካት የተባሉት የመረጃ ቋቶች በነፃ ይገኛሉ። የኢትዮጵያን አምበር የሚያጠና ሰው ደግሞ ዛሬ በአፍሪካ ያሉትን ዝርያዎች አጥብቆ ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ በዚያ ዕድሜ ከሚገኙት ብዙዎቹ የአሁኖቹ የቅርብ ዘመዶች ናቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሁለት ፍጥረታት በአንድ ቁራጭ ጎን ለጎን ቢገኙ «ሲያድነው ተይዟል» ለማለት አይቸኩሉ። አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ማታ፣ በሌላ የሙጫ ፍሰት ገብቶ ሊሆን ይችላል። በፍሰት ንብርብር አንድ ላይ መሆናቸውንና መንጋጋው በእርግጥ መያዙን ያረጋግጡ።

ደረጃ 9፦ ዓይን የማይደርስበት ሲሆን

ጥቁር ወይም ደፍራሳ አምበር በማይክሮስኮፕ አይነበብም። ያን ጊዜ ኤክስሬይ ቶሞግራፊ ይመጣል፦ ቁራጩ እየዞረ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምስሎች ይነሡና ኮምፒውተር ወደ ሦስት ገጽታ ያለው ቅርጽ ይቀይራቸዋል። የተራ ኤክስሬይ ችግር አምበሩና ነፍሳቱ ለጨረሩ እምብዛም አለመለያየታቸው ነው፤ ሲንክሮትሮን የሚባሉት ግዙፍ ማፋጠኛዎች በጨረሩ የሞገድ ለውጥ ይህን ይፈቱታል። እ.ኤ.አ. በ2008 በፈረንሳይ ግሬኖብል ባለው የአውሮፓ ሲንክሮትሮን ከሻራንት አካባቢ የመጡ 640 ድፍን የአምበር ቁርጥራጮች ተመርምረው 356 የእንስሳት ቅሪቶች ተገኝተዋል።

የእኛው አምበርም እዚህ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከኢትዮጵያ አምበር ውስጥ የተገኙ ጉንዳኖች በሃምቡርግ፣ ዴዚ በተባለው የምርምር ማዕከል ሲንክሮትሮን ተቃኝተው አዲስ ወገንና ዝርያ መሆናቸው ታወቀ፤ ስማቸውም በዴዚና ሄሪዮን በተባለ ሌላ የምርምር ተቋም ስም ዴዚዮፖኔ ሄሪዮን ተባለ። መልካቸው ሲታይ ዛሬ ሊጠፋ የተቃረበ የሌላ ንዑስ ቤተሰብ ዘመድ ይመስሉ ነበር። የቃኙት ምስሎች በዛሬ ጉንዳኖች ምስል ጎን ሲቀመጡ ግን ፖኔሪኔ ወደሚባለው ንዑስ ቤተሰብ የሚመደቡ ሆነው ተገኙ።

እንዲህ ያለ ምርመራ የሚፈልግ ሰው ቁራጩን በብረት መያዣ አይሰር።

ስለ ዲኤንኤ ብዙ ሰው ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከአምበር ነፍሳት ዲኤንኤ ወጣ የሚሉ ጽሑፎች ታትመው ነበር፤ ሌሎች ላቦራቶሪዎች ደጋግመው ሞክረው አላገኙትም። በኋላ በጣም ወጣት በሆነ ኮፓል ውስጥ ባሉ ንቦች ላይ ተሞክሮም አልተሳካም። ስለዚህ ለዚህ ብሎ ናሙና መቦርቦር ጥፋት ነው።

ደረጃ 10፦ ማስቀመጥና ማሳወቅ

አምበር በአየርና በብርሃን ይጎዳል፤ ገጹ ይጠቁራል፣ የሸረሪት ድር በመሰለ ስንጥቅ ይሸፈናል። ጨለማ፣ ቀዝቃዛና እርጥበቱ የማይዋዥቅ ቦታ ይስጡት፤ መስኮት ዳር፣ ምድጃ አጠገብ ወይም መብራት ያለበት የመስታወት ሳጥን አይሆንም። በአልኮል፣ በሽቶ ወይም በአልትራሳውንድ ማጽጃ አያጽዱት። እያንዳንዱ ቁራጭ በራሱ ትንሽ ሳጥን ይቀመጥ፤ እርስ በርስ ይፋቃሉ።

አዲስ ዝርያ አገኘሁ ብለው ካሰቡ ለብቻዎ ስም አያውጡ። ለእንስሳት ስያሜ ዓለም አቀፍ ደንብ አለ፤ ስሙ የሚሸከመው አንድ ዋና ናሙና ተለይቶ መታወቅ ይኖርበታል፤ ያም ናሙና ሌሎች አጥኚዎች ሄደው ሊያዩት በሚችሉበት ቤተ መዘክር ቢቀመጥ ነው ሥራው የሚጸናው። በግል መሳቢያ የተቆለፈ ናሙና ላይ የተጻፈን ነገር ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም፤ ብዙ መጽሔቶችም አይቀበሉትም። ከወንጪት የተገኘ ከሆነ በአዲስ አበባ የሚቀመጥበትን መንገድ ከቅርስ ባለሥልጣኑ ጋር ከመጀመሪያው ይነጋገሩ።

መለያ ቁጥሩን በእርሳስ ይጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በጊዜ ይለቃል። አንዱን ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ፣ ሌላውን ሳጥኑ ላይ ያድርጉ፤ በየዓመቱ ሳጥኖቹን ከፍተው አዲስ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር ያስተያዩ።